የትርንጎ ኬክና የእትዬ የሺመቤት ከበሮ

በእኛ ሰፈር፣ ሸዋ ሮቢት ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ትንሹም ትልቁም የሚላት አንዲት ተረት አለች። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ብትናገሯት ሰው ዓይን ዓይናችሁን ያያል እንጂ አይገባውም፤ እዚህ ግን ማብራሪያ አትፈልግም። ባለፈው ክረምት አንዱ ጎረቤታችን የዘመመ ጣራውን በተውሶ መሰላል ደግፎ "በቃ፣ ተገላገልኩ" ሲል ሚስቱ ያቺን ተረት ጣል አደረገችበት። ሰውየው በማግስቱ መሰላሉን መልሶ ምሰሶ ገዛ።

ሰሞኑን ወደ ሰፈራችን ተዛውሮ የመጣ አንድ መምህር "ይቺን ነገር ከየት አመጣችኋት?" ብሎ ጠየቀኝ። ከየትም አላመጣናትም። እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ተወለደች። የብዙዎቹ ተረቶች እናት አትታወቅም፤ የዚህችን ግን እናቷንም አዋላጇንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ሲያገኙኝም ሰላም ይሉኛል።

እናቲቱ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ኬክ ሠሪ ናት። ዛሬ ኬክ ሠሪ መሆን ብርቅ አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ኬክ ማለት ከደብረ ብርሃን በካርቶን ተጭኖ የጣርማበርን ጠመዝማዛ ሲወርድ ጎኑ ተደርምሶ የሚደርስ ነገር ነበር። እዚሁ በቤቷ ጋግራ፣ ክሬም ቀብታ፣ አበባ ሠርታበት ለልደትና ለክርስትና ማቅረብ የጀመረችው እሷ ናት። እኔ በበኩሌ ኬክ ወዳጅ አይደለሁም፤ የመላጫ ሳሙና የተቀባ ድፎ ዳቦ ነው የሚመስለኝ። የእሷን ግን እበላለሁ። ብርቱካን ትጨምርበታለች፤ ብርቱካኑም የአገራችን ነው።

ትርንጎ ታዲያ አንድ አመል ነበረባት። በጨርቅ ለሚሸፈን ነገር ብር አታወጣም። ኬክ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ እንደማያምር ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ግን የኬክ ማስቀመጫ የሚባለውን ዕቃ ሱቅ ገብታ ዋጋውን ስትሰማ ልቧ ይደርቃል። ስለዚህ በራሷ ዘዴ ትሠራዋለች። የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ሰሃን ትደፋለች። ረጅም ብርጭቆ ትገለብጥና የመስታወት ሰሃን በሙጫ ታጣብቅበታለች። አንዴማ የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ክርስትና ሲነሳ ኬኩን ያቆመችው በተደፋ የአበባ ማሰሮ ላይ ነው፤ ወርቃማ ወረቀት ስላለበሰችው ሰው ሁሉ ከዱባይ የመጣ መስሎት ሲዳስሰው ዋለ። "ጨርቅ የሸፈነውን ማን ያየዋል?" ትላለች። እውነቷን ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አላየባትም።

ባሏ ደምስ ልብስ ሰፊ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ የጣሳውንም የማሰሮውንም ቀሚስ የሚሰፋው እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የወይዘሮ ማንአህሎሽ ልጅ ሕሊና ለደብረ ብርሃን ልጅ ልትዳር ሆነ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሁሉ ነገር አምሮ ካለቀ በኋላ የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ዘነበች አንዲት መልእክት ላኩ። "ኬኩን እኛ ይዘን እንመጣለን፤ የእናንተ አገር ሙቀት ነው፣ ክሬም አይቆምበትም" የምትል ናት። በክፋት አልላኩትም፤ ወይዘሮ ማንአህሎሽ ግን በክፋት ተቀበሉት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ "አይቆምበትም? አይቆምበትም?" እያሉ ግቢያቸውን ሲዞሩ ዋሉ። ሲመሽ ትርንጎን አስጠሩ።

"ትርንጎ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ትችያለሽ?"

"ቤት ከሆነ አልችልም፤ ኬክ ከሆነ እሞክራለሁ።"

"ቀልዱን ተይው። ይሄ ኬክ ከወደቀ እኔም በአማቾቼ ፊት ወደቅኩ ማለት ነው። 'ድሮም ብለናችሁ ነበር' እያሉ ልጄን ዕድሜ ልኳን ያሳቅቋታል። ከቆመ ግን፣ ይኸው ስሜ ማንአህሎሽ ነው፣ በዚህ ከተማ ያለ አንቺ ኬክ የሚደገስ ሰርግ አይኖርም። ለሁሉም የምናገረው እኔ ነኝ።"

ትርንጎ በደስታ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። ከጎህ ጀምራ ዳቦ እየጋገረች ለሻይ ቤቶች ማደል ሰልችቷት ነበር። የእሷ ሕልም ሰርግ ነበር፤ ከሰርግም ባለ ሦስት ፎቁ። "ይሄ ኬክ ከቆመልኝ ዳቦ ለሌላ ሰው እተዋለሁ፤ ከወደቀብኝ ግን እስክሞት ዳቦ ነኝ" ብላ ለደምስ ነገረችው።

ችግሩ ማስቀመጫው ነው። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ በወተት ጣሳ ላይ አይቆምም። መጀመሪያ የሰርግ ዕቃ የሚያከራዩት ዘንድ ሄደች። የሚያብረቀርቅ፣ ባለ እግር ማስቀመጫ አላቸው፤ ግን ብቻውን አይወጣም፤ የሚከራየው ከመጋረጃው፣ ከአበባውና ከሙሽሮቹ ወንበር ጋር ነው አሏት። "እኔ ኬኬን ላቁም እንጂ ሰርጉን ልግዛ አላልኩም" ብላ ወጣች። ከዚያ ብየዳ ቤት ገባች። በያጁ ለካ፣ አሰበ፣ ዋጋውን ነገራት።

"አንተ ሰው፣ ኬክ እኮ ነው የማቆምበት! ዶዘር መሰለህ?"

"ብረት ተወዷል፣ እትዬ።"

"ዱቄትም ተወዷል፤ እኔ ግን እንዲህ ሰው አላስደነግጥም።"

አናጢው ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ከባሕር ዛፍ አንድ ክብ በርጩማ ሠርቶ፣ ያማረ ቫርኒሽ ቀብቶ አስረከባት። ትርንጎ ለሙከራ ቁራሽ ኬክ አሳደረችበትና ጠዋት ለደምስ አቀመሰችው። ደምስ አላመጠ፣ አሰበ፣ እንደገና አላመጠ።

"እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው። ግን ወንበር ወንበር ይላል።"

ከዚያ በኋላ ነው ደምስ በትዳር ዘመኑ ካደረጋቸው ረጅም ንግግሮች አንዱን ያደረገው። "ስሚኝ ትርንጎ፣ ለበያጁ ክፈይውና ይሥራልሽ። የአንድ ቀን ዕቃ አይደለም፤ ዕድሜ ልክሽን ታቆሚበታለሽ። የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የራስሽ ይኑርሽ።" ትርንጎ ግን ዘዴ አላለቀባትም። ትልቅ ብረት ድስት አላት፤ እሱን ደፍታ ነጭ ሳቲን ልታለብሰው ወሰነች። ደምስም ተሸንፎ የድስቱን ቀሚስ ሰፋ።

የሰርጉ ቀን ሦስቱን ፎቅ ለየብቻ በሦስት ካርቶን አስይዛ፣ ድስቷን አንግባ ወደ ሰርጉ ቤት መጣች። እኔ የመጠጥ ኃላፊ ስለነበርኩ ስትገባ አይቻታለሁ፤ ፊቷ የሙሽራዋን ያህል በርቶ ነበር። ድስቱን ድንኳኑ በር ላይ አስቀምጣ ካርቶኖቹን ለመፍታት ወደ ጓዳ ገባች። ተመልሳ ስትመጣ ድስቱ የለም። ወጥ ቤት ሄዳ ብታይ ድስቷ ጉልቻ ላይ ተጥዶ ሽንኩርት ይቁላላበታል። ወጥ ሠሪዎቹ ዕቃ አንሷቸው ነበር፤ ባዶ ድስት ሲያዩ "እግዜር ላከልን" ብለው ወሰዱት። የተጣደ ወጥ ደግሞ ማን ያወርዳል?

ትርንጎ ድንኳኑ መሀል ቆማ ዙሪያውን ቃኘች። ጠረጴዛዎቹ በሙሉ ምግብ ተደርድሮባቸዋል። ወንበሩን ሰው ይዞታል። ልብ አድርጉ፣ ደንግጣለች፣ ጊዜው ሄዷል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ነው የሚወድ። ዓይኗ ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት እትዬ የሺመቤት ላይ አረፈ። ከእሳቸውም አልፎ አጠገባቸው የቆመው ከበሮ ላይ።

እትዬ የሺመቤትን የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆናልና ልንገራችሁ፤ የሰፈራችን ከበሮ መቺ ናቸው። ከበሯቸው ከዋንዛ የተፈለፈለ፣ ከወገብ የሚደርስ፣ ከእናታቸው የወረሱት ነው። እሱ ያልተመታበት ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም ነበር። ያን ቀን ግን ወይዘሮ ማንአህሎሽ ለአማቾቻቸው ክብር ዲጄ አስመጥተዋል፤ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ስፒከሮች ግራና ቀኝ ቆመዋል። እትዬ የሺመቤት እንደ ልማዳቸው ከበሯቸውን ይዘው መጥተው፣ የሚያነሳሳቸው ቢያጡ ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። "ዘንድሮ ሰርጉ ሁሉ በሽቦ ሆኗል" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ቅር ብሏቸዋል።

"እትዬ የሺ፣ ይሄ ከበሮ ዛሬ ሥራ የለውም አይደል?" አለች ትርንጎ።

"እኔስ መች ሥራ አለኝ፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ያውሱኝ። ኬኩን ላቁምበት።"

እትዬ የሺመቤት ቀና ብለው አዩዋት። "ከበሮ ላይ? ኬክ?"

"ቁመቱም ልክ ነው፣ ወርዱም ልክ ነው። ነጭ ጨርቅ ካለበስኩት ማን ያየዋል?"

"ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ሲባል አልሰማሽም?"

"ኧረ እኔ ልመታው አይደለም!"

"ከተፈለገስ?"

"ያን ሁሉ ስፒከር እያዩ ማን ይፈልገዋል?"

"እኮ፣ ከተፈለገስ?"

"ከተፈለገማ በራስዎ እጅ መጥተው ይውሰዱት! ትርንጎ ምን ትለኛለች አይበሉ። እንዲያውም የላይኛውን ፎቅ እንዳለ ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ። ይኸው፣ ጋሽ ቢያድግልኝ ምስክሬ ናቸው።"

ጋሽ ቢያድግልኝ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ጭራቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ሰው ሲዋዋል መስማት ይወዳሉ፤ ወዲያው እንደ ችሎት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ሰምቻለሁ። ከተፈለገ ይወሰዳል፤ ካልተፈለገ ኬክ ይቆምበታል። የላይኛው ፎቅ የየሺመቤት ነው። ተዋውላችኋል።"

ትርንጎ ውሉን የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነው። ከበሮውን ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ሰርገኛው ሲገባ ፊት ለፊት እንዲያየው አድርጋ አቆመችው። ኬኩን የሚይዘውን ሰፊ ትሪ በላዩ አስቀምጣ በከበሮው ማንገቻ ጠፍር ጥፍር አድርጋ አሰረች። የድስቱን ቀሚስ አለበሰችው፤ የተሰፋለት ይመስል ነበር። ከዚያ ሦስቱን ፎቅ ደራረበች። እርስ በርስ ያያዛቸው ክሬም ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ በኋላ ስለምመጣበት ልብ በሉልኝ። ነጭ ነው፣ ዙሪያውን ብርቱካንማ ጽጌረዳ ይዞራል፣ ጫፉ ላይ ቅጠል አለው። እኔ ኬክ የማልወደው ሰውዬ ጠርሙስ ይዤ ቆሜ አየሁት። አምሮ ነበር።

ዲጄው የመጀመሪያውን ዘፈን ሲለቅ ታዲያ አንድ ጉድ መጣ። ስፒከሩ "ዱም" ሲል ከቀሚሱ ሥር ከበሮውም "ዱም" ይላል። ቆዳ ነውና ድምፅ ሲሰማ ዝም አይልም። ከበሮው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጽጌረዳዎቹ እሺ እሺ እንደሚል ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንግዶቹ "እንዴት ያለ ዘመናዊ ኬክ ነው፣ ይጨፍራል!" ይባባላሉ። ትርንጎ ግን ወደ ዲጄው ሮጠች።

"ቀንስልኝ ወንድሜ! ቀንስ!"

"እናት፣ ሰርግ ነው እኮ። ለቅሶ አደረግሽው?"

ተመልሳ መጥታ ሁለት እጇን ዘርግታ ኬኩ አጠገብ ቆመች። በየዘፈኑ ፊቷ ይገረጣል። በዚህ መሀል ነው መብራት የጠፋው። ስፒከሩ በአንድ ቃል ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ድንኳን ሙሉ ሰው "ኤጭ!" ሲል ትርንጎ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ፣ "ተመስገን አምላኬ!" አለች። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት።

ምስጋናዋ ገና ሳይደርስ ከመንገድ ማዶ የሰርገኛ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ወይዘሮ ማንአህሎሽ ከጓዳ በረሩ።

"ዲጄ! ምን ሆነሃል?"

"መብራት ጠፋ።"

"ጄኔሬተሩስ?"

"ጄኔሬተሩ ሌላ ሰርግ ላይ ነው። ጥር እኮ ነው፣ እትዬ።"

እዚህ ላይ የአገሩን ነገር የሚያውቅ ይፍረድ። ሰርገኛ የሴቷ ቤት ሲደርስ በሩ ይዘጋበታል። የእኛ ሰዎች ከውስጥ በዘፈን ይከለክላሉ፤ እነሱ ከውጭ በዘፈን ይለምናሉ፤ ከብዙ ግጥምና ከብዙ ልመና በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው። ያለ ዘፈን የተከፈተ በር ልጅቱን እንደ መጣል ይቆጠራል። ጎረምሶች አንድ ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡና "በዚህ እንምታው" አሉ። ወይዘሮ ማንአህሎሽ ጀሪካኑን በእግራቸው መቱት። "ልጄን በጀሪካን አልድርም!" የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ደግሞ ለዓለም ዘፈን አይወጣም። ያኔ ከበሩ በኩል አንዲት ሴት ጮኸች።

"የእትዬ የሺመቤት ከበሮ የታለ?"

"ከበሮ! ከበሮ አምጡ!" አለ ሰው ሁሉ።

እትዬ የሺመቤት ከተቀመጡበት ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ፈገግታ የሚባል ፊታቸው ላይ የለም፤ ግን አረማመዳቸው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ቀጥ ብለው መጥተው ኬኩ ፊት ቆሙ።

"ትርንጎ፣ ተፈልጓል።"

"እትዬ የሺ፣ በማርያም! ትንሽ ይታገሡኝ!"

"እኔማ እታገሥ ነበር። የማይታገሠው ሰርገኛው ነው።"

ትርንጎ ወደ ጋሽ ቢያድግልኝ ዞረች። ጋሽ ቢያድግልኝ ጭራቸውን አንዴ አወናጨፉ። "ውል ነው፣ ልጄ። አንሺ።"

ደምስ ሮጦ ደረሰ። እሱ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው ወገን ትሪውን ያዙ፤ እትዬ የሺመቤት ማንገቻውን ፈቱ፤ ኬኩ ከነትሪው ወደ ላይ ተነሣ፣ ከበሮው ከነቀሚሱ ወደ ጎን ወጣ። "አንዴ ያዙት፣ ጠረጴዛ እናመጣለን!" አልን ሁላችንም። ልባችንም እውነት ነበር። ግን እትዬ የሺመቤት የሳቲኑን ቀሚስ ገፈው ጥለው ከበሮውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አንዴ ሲመቱት ማን ቆሞ ጠረጴዛ ይፈልጋል? ድንኳኑ ባንዴ ወደ በሩ ጎረፈ። ትርንጎና ደምስ ብቻቸውን ትሪውን ይዘው ቀሩ።

እኔ መጠጡን ጥዬ መሄድ ስላልቻልኩ እዚያው ሆኜ የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

"ጎንበስ ብለን መሬት እናስቀምጠው" አለ ደምስ።

"ጎንበስ ካልን የላይኛው ይሄዳል።"

"እንግዲያው ቀስ ብለን ወደ ጠረጴዛው እንራመድ።"

"ከተራመድን የመሀሉ ይሄዳል። በክሬም ብቻ ነው የተያዘው!"

"ታዲያ ምን ይሻለናል?"

"እንቁም።"

 ከዚያ ደምስ፣ "ለበያጁ ክፈይው ብዬሽ ነበር" አለ።

"ደምስ፣ አሁን እሱን ካነሳህ እለቅልሃለሁ!"

"አትለቂም።"

"አዎ፣ አልለቅም" አለች ትርንጎ፤ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣባት።

በሩ ላይ ግን ሰርጉ ገና መድመቁ ነው። ደጋዎቹ ከውጭ ጀመሩ።

ከደጋ የወረድን ነን፣ ጋቢ የደረብን፣
በሩን ክፈቱልን ላቡ ሳይጨርሰን።

የእኛዎቹ እትዬ የሺመቤትን መሀል አድርገው መለሱላቸው።

ጋቢያችሁን አጥፉ፣ ታገሡ ከበር፣
በእልልታ ያደገች በዝምታ አትዳር።

እንዲህ እያሉ ሄዱ፣ መለሱ፣ እንደገና ሄዱ። እትዬ የሺመቤት ጥግ ተቀምጠው የዋሉበትን ቅሬታ ሁሉ በከበሮው ያወጡት ጀመር። ጥር ቢሆንም የሸዋ ሮቢት እኩለ ቀን ያው ነው፤ የድንኳኑ ሸራ ይነዳል። አንዲት ጽጌረዳ ከመሀለኛው ፎቅ ተንሸራትታ ደምስ ጫማ ላይ አረፈች። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። ትርንጎ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ የሙሽራው አክስት ገብታ በዓይኗ እስክታየው ይቁም፤ ከዚያ በኋላ ቢወድቅም ይውደቅ።

ይባስ ብሎ ከበሮው ራሷን ጠራት። ትርንጎ ከጥንት ጀምራ እስክስታ ላይ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም።

"ትከሻሽን ያዢ!" አለ ደምስ በድንጋጤ።

"ያዝኩት እኮ!"

"ኧረ ይንቀሳቀሳል! ኬኩ እየሄደ ነው!"

"እኔ ምን ላድርግ? እትዬ የሺ ናቸው!"

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ገባ፤ ከአጠገቡ ወፍራም ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ያደረጉ፣ ላባቸው የሚንቆረቆር ሴት ይራመዳሉ። ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። መጀመሪያ ዓይናቸው የገባው ባልና ሚስት በሁለት በኩል ይዘውት የቆሙት ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ነው። ቆሙ። ከኋላቸው የነበረውም ሰው ቆመ። እትዬ የሺመቤት መምታታቸውን ተዉ። ወይዘሮ ማንአህሎሽ ከበር አጠገብ ሆነው እስትንፋሳቸውን ውጠው ይጠብቃሉ፤ ትርንጎም ዓይኗን ጨፍናለች።

ወይዘሮ ዘነበች ኬኩን አንድ ዙር ዞሩት። ጽጌረዳዎቹን አዩ፣ የትርንጎን የሚንቀጠቀጥ ክንድ አዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው በነጠላቸው ጫፍ የትርንጎን ግንባር ጠረጉላት።

"በዚህ ሙቀት ስንዘፍን ሁሉ ይዘሽው ነው የቆምሽ? ለእኛ ክብር?"

ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጣች። ዝምተኛው ደምስ ግን ያኔ ደረሰላት። "አዎ እትዬ፣ ለክብርዎ ነው!" አለ ሳያፍር።

ወይዘሮ ዘነበች ልባቸው ተነካ። ወደ ጋሽ ቢያድግልኝ ዞረው፣ "ጋሼ፣ ይሄ የቆላው ወግ ነው እንዴ? እናንተ ዘንድ ኬክ እንዲህ በሰው እጅ ነው የሚቆመው?" ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ ቢያድግልኝ የመለሱትን ከመናገሬ በፊት የኬኩን ነገር ልጨርስ፤ አለዚያ ትርንጎ ትቆጣኛለች። ኬኩ አልወደቀም። አራት ሚዜዎች ጠረጴዛ አስለቅቀው፣ ከነባልና ሚስቱ ቀስ አድርገው አስጠግተው አስቀመጡት። የላይኛው ፎቅ በውሉ መሠረት እንዳለ ለእትዬ የሺመቤት ተሰጠ፤ እሳቸውም ሲያጨበጭቡላቸው ለዋሉት ሴቶች አከፋፈሉት። ወይዘሮ ዘነበች ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉና የሴት ልጃቸው ሰርግ ከፋሲካ በኋላ መሆኑን ለትርንጎ ነገሯት። "ጣርማበርን መውጣት ትችያለሽ?" ቢሏት፣ "እችላለሁ፤ ግን የምደራርበው እዚያው ደርሼ ነው" አለች። ወይዘሮ ማንአህሎሽም ቃላቸውን ጠበቁ። ዛሬ ዳቦውን ሌላ ሰው ነው የሚያድለው። ትርንጎ በዚያው ሳምንት ብየዳ ቤት ሄዳ ያለ ክርክር አሠርታ የወሰደችው የብረት ማስቀመጫ እስካሁን አለ፤ ቀሚስ አታለብሰውም፤ ሰው እንዲያየው ትፈልጋለች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ጋሽ ቢያድግልኝ የዕድር ዳኛ ናቸው፤ ውሉም የታሰረው በእሳቸው ፊት ነው፤ መዋሸት አይችሉም፤ ትርንጎን ማሳፈርም አልፈለጉም። አንዴ እትዬ የሺመቤትን ከነከበሯቸው፣ አንዴ ትርንጎን ከነትሪዋ አዩ። ከንፈራቸው ላይ የመጣውን ሳቅ በጭራቸው ከልለው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፦ "ወግስ አይደለም፣ እመቤቴ፤ ኬኩን ከበሮ ላይ ያኖረ፣ ዘፈኑ ሲመጣ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።"